በሩ ነው እንጂ ቁልፉ አይደለም

"ቁልፉ አልዞር ብሎኛል፣ አውጣና አዲስ ግጠምልኝ።" ደሴ ላይ በርና ቁልፍ የሚሠራ ሰው ይህን ሳይሰማ አይውልም። ክረምት ሲገባማ ይብሳል። ሰው ያለ ምክንያት ገንዘቡን ሲያወጣ ማየት ያናድደኛል። ስለዚህ ከዚሁ ልጀምር።

አልዞር ያለ ቁልፍ ሁሉ ያረጀ አይደለም። ብዙ ጊዜ የወረደው ወይም ያበጠው በሩ ነው። ማረጋገጫው ሳንቲም አያስወጣም። በሩን ክፈቱትና፣ ክፍት እንደሆነ ቁልፉን አስገብታችሁ አዙሩት። ምላሱ (ከበሩ ወጥቶ መቃኑ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ብረት) ያለ ችግር ወጣ ገባ ካለ ቁልፉ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ በሩና መቃኑ አለመገጣጠማቸው ነው። ክፍት ሆኖም ካስቸገረ ያኔ ስለ ቁልፉ እናወራለን።

ሆጤ አካባቢ አንዲት እናት ሲሊንደር (ቁልፉ የሚገባበትን የውስጥ ክፍል) እያስቀየሩ ክረምቱን ከረሙ። ሄጄ ሳየው የመቃኑ ቀዳዳ ታችኛው ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያብለጨልጫል። በሩ በተቆለፈ ቁጥር ምላሱ እዚያች ጋ ሲፋቅ ኖሯል። እጀታውን ይዤ በሩን ትንሽ ከፍ ሳደርገው ቁልፉ በሁለት ጣት ዞረ። በሩን አንስቼ ማጠፊያዎቹ ላይ ሮንዴላ ጨመርኩባቸው፣ አለቀ። አውጥተው ካስቀመጧቸው ሲሊንደሮች አንዱም አልተበላሸም ነበር። እናንተም ሞክሩት። በሩን ከፍ ሲያደርጉት የሚዞር ከሆነ ማጠፊያው ወርዷል። ወደ ራስ ሲስቡት ወይም ሲገፉት የሚዞር ከሆነ ደግሞ ምላሱ የቀዳዳውን ጎን እየነካ ነው። ምላሱን ጠመኔ ቀቡት፣ ዝጉና ለመቆለፍ ሞክሩ፤ ጠመኔው ያረፈበትን ቦታ በሞረድ ትንሽ ማስፋት ይበቃል።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ቤታችን ድረስ ይገባል። የእንጨት በር እርጥበቱን ጠጥቶ ያብጣል። ነሐሴ ላይ አናጢ ጠርቶ በሩን የሚያስልግ ሰው አለ። አትቸኩሉ! ያው በር ጥር ላይ ሲደርቅ በጎኑ ብርድ ያስገባል። ይልቅ በጋ ላይ የበሩን የላይና የታች ጠርዝ ቀለም አስቀቡ። ቀለም ቀቢው ሁልጊዜ የሚዘለው እሱን ነው፣ እርጥበቱም በዚያው ይገባል። ላሜራ በር አያብጥም፣ ግን ከባድ ነው። በሁለት ማጠፊያ ብቻ ከተንጠለጠለ ይወርዳልና ሦስተኛ ይበየድለት። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ፀሐይን ጠርጥሩ። ፀሐይ የሚመታው ላሜራ ይለጠጣል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አልከፈት ብሎ ማታ ደህና የሚሆን ከሆነ ቁልፉን አትንኩት።

ሁለተኛው የሚያንገበግበኝ "ዘይት ጠብ አድርግበት" የሚለው ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ትንንሽ የናስ ፒኖች አሉ፣ ብዙ ጊዜ አምስት። እያንዳንዳቸውን ቀጭን ሞላ ይገፋቸዋል። የቁልፉ ጥርሶች ፒኖቹን በልካቸው ሲያነሷቸው ነው የሚዞረው። የምግብ ዘይት ለጥቂት ቀን ያለሰልሳል። ከዚያ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ፒኑም ባለበት ይቀራል። አንድ ባለሱቅ ያመጣልኝን ሲሊንደር ስፈታው ውስጡ ጥቁር ሙጫ ሆኖ፣ አንደኛው ፒን ላይ እንደወጣ ደርቆ ነበር። በመርፌ ጫፍ ነው ያወረድኩት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከዚህም የባሰ ነው፤ ጥላሸትና የብረት ብናኝ ይዞ ይገባል። ነጭ ጋዝ ደግሞ ያጥባል እንጂ አያለሰልስም።

የሚሠራው የልጆቻችሁ እርሳስ ነው። ጥቁሩ ግራፋይት ነው፣ ደረቅ ስለሆነ አቧራ አይዝም። የቁልፉን ጥርስና ጎን በደንብ ቀቡት፣ አስገቡ፣ አውጡ፣ ደጋግሙት፣ ከዚያ በጨርቅ ጥረጉ። ዘይት ጠጥቶ የከረመ ሲሊንደር ላይ ግን እንዳትሞክሩት፤ ዘይትና ግራፋይት ሲገናኙ ጭቃ ይሆናሉ። መጀመሪያ ደብሊው ዲ ፎርቲ በሚባለው የሚረጭ ፈሳሽ እጠቡና ይድረቅ። ዘይቱንና ግሪሱን ለማጠፊያው አስቀምጡለት።

"በፒንሳ ይዘህ አዙረው" የሚል ሰው አትስሙ። ቁልፉ ናስ ነው፣ ይቆረጣል።

ተቆርጦ ውስጥ ለቀረ ቁልፍ ሱፐር ግሉ መፍትሔ አይደለም። ሲሊንደሩን ይጨርሰዋል።

"ቁልፍ ከየትኛውም ይቀረጻል" የሚለውም ልክ አይደለም። ከቅጂ ላይ ቅጂ ሲቀረጽ ትንንሽ ስህተት ይደራረባል። ከበሩ ጋር የመጣውን ዋናውን ቁልፍ ቤት አስቀምጡ፣ ለማስቀረጽ ሁልጊዜ እሱን ውሰዱ።

በሩ ክፍት ሆኖ፣ በዋናው ቁልፍ፣ ከታጠበም በኋላ ካስቸገረ አዎ፣ ይቀየር። ያኔም ሙሉውን ቁልፍ አትግዙ፣ ሲሊንደሩ ብቻ ይበቃል። በበሩ ጠርዝ ላይ ከምላሱ በታች ያለችውን ረጅም ብሎን በካቻቪቴ ፍቱ። ቁልፉን አስገብታችሁ ትንሽ ዘወር አድርጉት፣ አለዚያ አይወጣም። አሮጌውን ይዛችሁ ገበያ ሂዱና ርዝመቱን ጎን ለጎን አስተያዩት።