የሹትልኮክ ፍጥነት ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ ባድሜንተን የሚጫወት ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በደንብ የተመታች ሹትልኮክ (ባለ ቡሽ ጭንቅላት፣ የላባ ወይም የፕላስቲክ ቀሚስ ያላት የጨዋታው ኳስ) የኋላውን መስመር አልፋ ትወድቃለች። መቺው ክንዱን ይወቅሳል፣ ጓደኛው ደግሞ ራኬቱን። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም። ከሱቅ የመጣችው ሹትልኮክ ለቦታው ፈጣን ናት።

እዚህ ላይ "ፍጥነት" ሲባል ስማሽ (ከላይ ወደ ታች በሙሉ ኃይል የሚመታው ምት) ሲመታ በኪሎ ሜትር የሚለካው አይደለም። እሱ የመቺው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ሕንዳዊው ሳትዊክሳይራጅ ራንኪሬዲ በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር ያስመዘገበው ዓይነት። የሹትልኮክ ፍጥነት ማለት በአንድ ዓይነት ምት ምን ያህል ርቃ እንደምትወድቅ ነው። ርቃ የምትሄደው ፈጣን፣ አጠር ብላ የምትወድቀው ዘገምተኛ ትባላለች።

የላባዋ ሹትልኮክ በምትሸጥበት ቱቦ ክዳን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ75 እስከ 79 ከሚደርሱት ቁጥሮች አንዱ ይጻፋል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፈጣን ናት። መነሻው ግሬን የሚባለው የድሮ የእንግሊዝ ክብደት መለኪያ ሲሆን፣ 77 ግሬን 5 ግራም ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። አንዳንድ አምራቾች በዚህ ፈንታ ከ1 እስከ 5 ይጽፋሉ፤ 1 ማለት 75፣ 3 ማለት 77 ነው። በፕላስቲኳ ላይ ቁጥር ሳይሆን ቡሹን የከበበውን ቀለበት ማየት ነው፤ አረንጓዴ ዘገምተኛ፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ቀይ ፈጣን።

ይህ ሁሉ ልዩነት የሚመጣው ሹትልኮክ ከአየር ጋር ስለምትታገል ነው። ክብደቷ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ብቻ ሆኖ፣ 16 ላባዎቿ ግን አፏን ከ58 እስከ 68 ሚሊ ሜትር ስፋት ይከፍቱታል። በነፋስ ፊት እንደተዘረጋ ጃንጥላ አየሩ ይይዛታል። አየሩ ሲሳሳ የሚይዛት ያጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ጣርማበርን አቋርጦ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይቀንሳል፤ አየሩም ከደብረ ብርሃኑ ከአሥር በመቶ በላይ ይወፍራል። አንድ ዞን ውስጥ፣ በግማሽ ቀን መንገድ፣ ሁለት ዓይነት ጨዋታ ማለት ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ብርዱ ነው። ቀዝቃዛ አየር ወፍራም በመሆኑ ሹትልኮክን ያዘገያል፤ ስለዚህ የአምራቾች መመሪያ ለብርድ አገር ቀይ ወይም ከፍ ያለ ቁጥር ይመክራል። "የእኛ አገር ውርጭ ነው" ብሎ ቀዩን የገዛ ግን ተሳሳተ። መመሪያው የሚናገረው ስለ ሙቀት ብቻ ነው፣ የቦታውን ከፍታ አያውቅም። የደብረ ብርሃን ብርድ የሚያወፍረው ከፍታው ካሳሳው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። እዚያ የሚገዛው አረንጓዴ ወይም 75 ነው፤ አንዳንድ አምራቾች ለከፍተኛ ቦታ የሚያወጧቸው 73 እና 74 ከተገኙ ደግሞ እሰየው። ሸዋ ሮቢትም ቆላ ስለሆነች ሙቀቷ አየሩን ስለሚያሳሳው ከአረንጓዴው መጀመር ይሻላል።

ቁጥሩ መነሻ ነው እንጂ ዳኛ አይደለም፤ የሚያረጋግጠው ሙከራ ነው። የጨዋታው ሕግ እንዲህ ይላል፦ ተጫዋቹ ሹትልኮኳን ከኋላው መስመር በላይ ባለችበት፣ ከታች ወደ ላይ በሙሉ ምት፣ ከጎኑ መስመር ጋር ትይዩ አድርጎ ይመታል። ትክክለኛ ፍጥነት ያላት ከወዲያኛው የኋላ መስመር 53 ሳንቲ ሜትር ሲቀራት እና 99 ሳንቲ ሜትር ሲቀራት ባለው መካከል ትወድቃለች። ሜትር ያልያዘ ሰው የጥንዶች ጨዋታ የረጅም ሰርቭ መስመርን ይመልከት። ከኋላው መስመር 76 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ የተሰመረ ስለሆነ የሁለቱ ቁጥሮች ትክክለኛ መሐል ነው። ከእሱ ወዲህና ወዲያ አንድ አንድ ስንዝር ያህል ከወደቀች ደህና ናት። የሚታየው መጀመሪያ መሬት የነካችበት ነው፣ ተንከባላ የቆመችበት አይደለም። በርና መስኮት ዘግታችሁ፣ ከሁለቱም ጫፍ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ምቱ። መቺው ክንዱ የጸና ይሁን፤ የጀማሪ ምት በራሱ ያጥራልና ፈጣኗን ሹትልኮክ ደህና ያስመስላታል።

መስመሩን ካለፈች ወይም 53 ሳንቲ ሜትር ሳይቀራት ከወደቀች የላባዎቹን ጫፍ ማጠፍ ነው። ቡሹን በአንድ እጅ ያዙ። የአንዱን ላባ ጫፍ፣ ከላይ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህሉን ብቻ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጣችሁ ወደ ውጭ እጠፉት። ከዚያ ሦስት ላባ እየዘለላችሁ አራተኛውን፤ በጠቅላላው አራት ላባ በመስቀል ቅርጽ ይታጠፋል። ሞክሩ። አሁንም ከራቀች በመካከላቸው አራት ጨምሩ። ወደ ውጭ የታጠፈ ጫፍ አፏን ስለሚያሰፋ አየሩ ይይዛታል፤ ወደ ውስጥ ያጠፈ ሰው ያገኘው ተቃራኒውን ነው፣ ይበልጥ አፈጠናት። በአንድ ወገን ብቻ ከታጠፈች ስትበር ትዋልላለች። በመቀስ መቁረጥ ፈጽሞ አይሆንም። ላባዎቹን የያዘው ክርና ሙጫም አይነካም። የፕላስቲኳ ቀሚስ እንዲህ አይታጠፍም፤ ለእሷ ያለው መፍትሔ ቀለበቷን መምረጥ ብቻ ነው።

ስታጥፉ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ከተሰማ ላባው ደርቋል ማለት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ብርድ የላባ ሹትልኮክ እንደ ገለባ ትሰባበራለች፤ አንድ ቱቦ ባንድ ከሰዓት ሊያልቅ ይችላል። የቱቦውን የላባ በኩል ክዳን ከፍቶ ከሚፈላ በራድ አፍ ላይ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ እንፋሎት ማስገባት፣ ዘግቶ ማሳደር፣ በማግስቱ መጫወት። ጀበናም ያገለግላል፣ ላባው ቡና ቡና መሽተቱን ለማይጠላ። እንፋሎት የበዛባት ግን ትከብዳለች፤ የከበደች ደግሞ ትፈጥናለች፣ ቡሿም ይላላል። ስለዚህ ሙከራውም ሆነ ማጠፉ ከእንፋሎቱ በኋላ ይሁን።

በውድድር መካከል ግን እጅ መሰብሰብ ነው። ተጫዋች ፍጥነቷን ወይም አበራረሯን ለመለወጥ ሆን ብሎ ሹትልኮኳን ቢነካካ በሕጉ ጥፋት ነው፤ የሚያስቀጣም ነው። ማጠፍም መሞከርም ከጨዋታው በፊት፣ ሁለቱም ወገን እያየ ያልቃል።

ፈጣን ሹትልኮክ የለመደ ክንድ ሳያውቀው ምቱን ይቆጥባል። ከኋላ እስከ ኋላ የሚላከውን ክሊር ሰባ በመቶ ኃይል ብቻ ሰጥቶ ይልካል፤ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሲጫወት ያው ምት መሐል ሜዳ ላይ ቀርታ ለስማሽ ትመቻለች። ወደ ቆላ የሚወርድ ቡድን ከግጥሚያው በፊት ግማሽ ሰዓት ክሊር ብቻ ቢመታ ያዋጣዋል። ደብረ ብርሃን ላይ የታጠፈችውንም ይዞ አይውረድ፤ እዚያ አጥራ ትወድቃለች፣ የታጠፈ ላባም ተመልሶ እንደ ቀድሞው አይቃናም። የታጠፉት ለብቻ ቱቦ ገብተው ክዳኑ ላይ በእስክሪፕቶ "ደ/ብርሃን" ይጻፍባቸው።