«አደጋው በእጥፍ ጨመረ» ሲባል፣ ከስንት ተነስቶ?

አንድ መድኃኒት «ለበሽታ የመጋለጥ ዕድልን በ100 ፐርሰንት ይጨምራል» የሚል ዜና ስትሰሙ፣ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ከስንት ተነስቶ? መቶኛው የሚነግረን የሁለት ቡድኖችን፣ ማለትም መድኃኒቱን የወሰዱትንና ያልወሰዱትን፣ ልዩነት ብቻ ነው፤ አንጻራዊ ስጋት ይባላል። ከስንት ሰው ስንቱ ይታመማል የሚለው ፍጹም ስጋት ሌላ ቁጥር ነው።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደህንነት ኮሚቴ፣ ሦስተኛ ትውልድ የሚባሉት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች ከቀደሙት እንክብሎች ጋር ሲነጻጸሩ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምሩ አስጠነቀቀ። ስሌቱ ስህተት አልነበረበትም። ነገር ግን «እጥፍ» የተባለው፣ ከ7,000 ሴቶች አንዷን ያጋጥም የነበረው ችግር ሁለቱን ማጋጠሙ ነበር። ይህን ማን በግልጽ ነገራቸው? ብዙዎች ደንግጠው እንክብሉን አቆሙ። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ 13,000 ያህል ተጨማሪ ውርጃ እንደተፈጸመ ተገምቷል። በጣም የሚያሳዝነው ደግሞ፣ እርግዝና ራሱ ደም የመርጋትን አደጋ ከእንክብሉ ይበልጥ ከፍ ያደርጋል። መነሻውን ቁጥር ሳይጠቅስ መቶኛ ብቻ የሚያወጣ የጤና ዜና መውጣት የለበትም ባይ ነኝ።

አንጻራዊው ቁጥር ግን ከንቱ አይደለም፤ ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ ያሳየው እሱ ነው። መንስኤ ለሚፈልግ ተመራማሪ ይጠቅማል። በጀት ለሚመድብ ግን አይበቃም። አንዱ ክትባት ከ10,000 ሰው 2 ታማሚዎችን ወደ 1 አወረደ፣ ሌላው 2,000ውን ወደ 1,000 አወረደ እንበል። ሁለቱም «50 ፐርሰንት ይከላከላሉ»። አንድን ሰው ከሕመም ለመጠበቅ ግን በመጀመሪያው 10,000 ሰው መከተብ አለበት፤ በሁለተኛው 10 ሰው ይበቃል።