ጥበብ በስልክ መስመር

የቴሌኮም ጥበብ የሚባለው ስልክን፣ ሳተላይትንና ኢንተርኔትን እንደ ሸራና ቀለም የሚገለገል የጥበብ ዘርፍ ነው። (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀመረው በሀንጋሪያዊው ሠዓሊ በላስሎ ሞሆሊ-ናዥ ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀርመን ሳለ ከታፔላ ፋብሪካ በስልክ ሥዕል አዝዣለሁ ይላል፤ እሱም ተቀባዩም በትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተሠመረ አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘው። የቀድሞ ባለቤቱ ሉሲያ ሞሆሊ ግን ራሱ ሄዶ ነው ያዘዘው፣ «በስልክም ይቻል ነበር» ያለው ኋላ ነው ብላለች። የእሷ ቃል ሚዛን ይደፋል። ለመንዝ ሰው መቼም ይህ ብርቅ አይደለም፤ ባና የሚያሠራ ሰው ስንት ክንድ እንደሚፈልግና ጥቁሩ የት እንደሚገባ ለሸማኔው በስልክ ነግሮ ይጨርሳል።

በ1969 እ.ኤ.አ. የቺካጎው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በስልክ የታዘዙ ሥራዎችን አሳየ።

ትልቁ ሥራ «ቀዳዳ በሕዋ» ነው። በኅዳር 1973 ኪት ጋሎዌይና ሼሪ ራቢኖዊትዝ ኒውዮርክንና ሎስ አንጀለስን በሳተላይት አገናኙ። መንገደኛው በመስኮት ላይ የሌላውን ከተማ ሰው በቁመቱ ልክ ያያል፣ ያወራዋል፤ የራሱን ምስል ግን አያይም። ማስታወቂያም ማብራሪያም አልነበረም። የመጀመሪያው ምሽት የአላፊ አግዳሚ ጨዋታ ነበር፤ በሦስተኛው ምሽት ግን ወሬው ተዛምቶ ለዓመታት የተለያዩ ዘመዳሞች ተቀጣጥረው መጡ። ሠዓሊዎቹ መስመሩን ከፈቱ እንጂ ሥራውን የሠራው ሕዝቡ ነው።

በ1983 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሮይ አስኮት በየከተማው ያሉ የጥበብ ሰዎች በኮምፒውተር መረብ አንድ ተረት እንዲቀባበሉ አደረገ። በጥር 1 ቀን 1984 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኮሪያ ተወላጁ የቪዲዮ ጥበብ ሰው ናም ጁን ፓይክ ኒውዮርክንና ፓሪስን በቀጥታ ሥርጭት አጣመረ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ስልክን አገር ያስገቡት የአንጎለላው ተወላጅ ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ የሐረር–አዲስ አበባው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ዛሬ በሰሜን ሸዋ ከዚህ ጥበብ ጋር በጣም የሚቀራረበው፣ ጥበብ ብሎ የሚጠራው ባይኖርም፣ የለቅሶ ስልክ ነው። ዐረብ አገር ያለች ልጅ ለአባቷ ሙሾ ታወርዳለች፤ ስልኩ በስፒከር ተከፍቶ ድንኳኑ መሐል በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ግጥሙ ተቆርጦ ይቀርና ተቀባዮቹ ያለቀ መስሏቸው ይጀምራሉ። ያን ጊዜ አስለቃሿ እጇን አንስታ ዝም ታሰኛቸዋለች፤ የቀረው ስንኝ እስኪደርስ።