ስለ ኩዊር መጻሕፍት የሚባለውና አንብቤ ያገኘሁት

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ጓደኛዬ ቡና ልትጠጣ ቤቴ መጣች። ጠረጴዛ ላይ የተውኩትን መጽሐፍ አንስታ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ኮሚክስ ነው፤ በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ ታሪክ። የሁለት ሴቶች ፍቅርም አለበት። «አንቺ ደግሞ ይሄን ምን ብለሽ ነው የምታነቢው?» አለችኝ። አቦል ላይ የጀመርነው ክርክር በረካ ድረስ አላለቀም።

እሷ ያለችውን ከሌሎች ሰዎችም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ኩዊር የሚባሉት መጻሕፍት የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን፣ ወይም ከተለመደው የወንድና የሴት መስመር ውጭ ያለ ሕይወትን የሚተርኩ ናቸው። ልብ ወለዱንም፣ ግጥሙንም፣ ኮሚክሱንም፣ የሥዕልና የፎቶ መጽሐፉንም ለዓመታት ሳነብ ቆይቻለሁ። ስለዚህ የሚባለውን በየርዕሱ እየጠቀስኩ አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ኮሚክስ የልጅ ነው፤ ስለዚህ ይሄ ልጆችን ለማጥመድ የተሠራ ነው»

ጓደኛዬን በጣም ያስቆጣት ይህ ነበር። ኮሚክስ የልጅ ብቻ ሆኖ የቀረበት ምክንያት ግን አለው። አሜሪካ ውስጥ በ1954 አሳታሚዎቹ መንግሥት እንዳይመጣባቸው ፈርተው ራሳቸው ደንብ አወጡ። የደንቡ ማኅተም የሌለው መጽሔት ሱቅ ገብቶ ለመሸጥ ይቸገር ነበር። ከተከለከሉት ነገሮች አንዱ በዘመኑ አነጋገር «የወሲብ ጠማማነት» ነው። የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርም እዚያ ውስጥ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ የአዋቂው ኮሚክስ በጓሮ በር ወጣ። ሜሪ ዊንግስ በ1973 የራሷን ሥራ ራሷ አሳተመች። በ1980 ደግሞ በሃዋርድ ክሩዝ አርታኢነት «ጌይ ኮሚክስ» ተጀመረ። አዋቂዎች ለአዋቂዎች የሠሯቸው ናቸው።

ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው በ2006 የወጣው የአሊሰን ቤክዴል «ፈን ሆም» ነው። ደራሲዋ የገዛ ቤተሰቧን ታሪክ ነው የምትተርከው። አባቷ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ የቤተሰቡን የቀብር አስፈጻሚ ድርጅትም ይመራል። ርዕሱ ልጆቹ የቀብር ቤቱን፣ በእንግሊዝኛ «ፊውነራል ሆም» የሚባለውን፣ አሳጥረው የሚጠሩበት ስም ነው። አሊሰን ኮሌጅ ሳለች ሴት እንደምትወድ ለወላጆቿ በደብዳቤ ነገረቻቸው። ወዲያው አባቷም በድብቅ ከወንዶች ጋር ግንኙነት እንደነበረው ሰማች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በ1980፣ አባቷ በጭነት መኪና ተገጭቶ ሞተ። አደጋ ይሁን ራሱ የፈለገው ነገር በእርግጠኝነት አታውቅም። መጽሐፉ ይህንን ጥያቄ ነው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያገላብጠው።

ሠርታ ለመጨረስ ሰባት ዓመት ያህል ፈጅቶባታል። ሰዎቹን ከመሳሏ በፊት ራሷ እንደነሱ ቆማና ተቀምጣ ፎቶ ትነሳ ነበር። አባቷን ለመሳል የአባቷን አቋቋም በራሷ አካል ቆማዋለች ማለት ነው። ይህንን ካወቅኩ ወዲህ አባትየው ያለበትን ገጽ ቶሎ ማለፍ አልችልም።

አባትና ልጅ አፍ አውጥተው መነጋገር ሲያቅታቸው መጽሐፍ ይዋዋሳሉ። የእኔም አባት እንደዚያ ነበር። «እወድሻለሁ» ብሎኝ አያውቅም። ጋዜጣ ላይ ደስ ያለውን ጽሑፍ ግን ቆርጦ ትራሴ ላይ ያስቀምጥልኝ ነበር። «ለእነሱ የተጻፈ መጽሐፍ አንቺን ምን አገባሽ?» ለምትለኝ ጓደኛዬ መልሴ ይኸው ነው።

አዎ፣ ለታዳጊዎች የሚጻፉም አሉ፤ በዚያ ዕድሜ ልክ የተጻፉ። ለልጅ የማይሰጡም አሉ። የትኛው ለማን እንደሆነ የሚታወቀው ሲነበብ ነው።

«ሁሉም ስለ ወሲብ ነው»

አንዳንዱ ነው፣ አልክድም። ጃፓናዊው ገንጎሮ ታጋሜ ለረጅም ዓመታት ስሙ የታወቀው ለአዋቂዎች በሠራው በጣም ግልጽ የወሲብ ኮሚክስ ነው። ይኸው ሰው በ2014 «የወንድሜ ባል» የሚል ሥራ ጀመረ። ያይቺ የሚባል አባት ትንሽ ልጁን ካናን ብቻውን ያሳድጋል። አንድ ቀን ማይክ የሚባል ግዙፍ ካናዳዊ በሩ ላይ ይቆማል። የሞተው መንታ ወንድሙ ባል ነው። ያይቺ እንግዳውን ቤት ማስገባት ይከብደዋል። ካና ግን ማይክን በጥያቄ ታጣድፈዋለች። አባቷ በሆዱ የያዘውን እሷ በአፏ ታወጣዋለች።

እኔ ይህንን መጽሐፍ የማነበው እንደ ለቅሶ ታሪክ ነው። ማይክ የመጣው ሟቹ ያደገበትን ቤትና የሄደበትን መንገድ ለማየት ነው። ለቅሶ ሳይደርስ የቀረ ሰው ሸክሙ ምን ያህል እንደሚከብድ ለእኛ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ሥራው በ2018 በኮሚክስ ዓለም ትልቅ ከሚባሉት ሽልማቶች አንዱን፣ አይስነርን፣ አግኝቷል። አንድ የመኝታ ቤት ትዕይንት የለበትም።

«የዛሬ ፋሽን ነው፤ ድሮ አልነበረም»

ይህ እንኳን ቀላሉ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤድዋርድ ሞርጋን ፎርስተር ስለ ሁለት ወንዶች ፍቅር የጻፈውን «ሞሪስ» በ1914 ጨርሶ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1971 ነው። የለም የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ተቀምጦ ነበር።

ሆዴን የሚበላኝ ግን ካቫፊ ነው። ግሪካዊው ገጣሚ እስክንድርያ ውስጥ በመስኖ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ 30 ዓመት ያህል ሠርቷል። ግጥሞቹን በየወረቀቱ እያሳተመ ለመረጣቸው ሰዎች ብቻ ይሰጥ ነበር። በ1933 ሲሞት በመጽሐፍ መልክ ተሰብስቦ ለገበያ የወጣ ሥራ አልነበረውም። ከፍቅር ግጥሞቹ ብዙዎቹ ተወዳጁ ወንድ ይሁን ሴት አይናገሩም። ግሪክኛ ግሥ ላይ «እሱ» ወይም «እሷ» ሳይባል ማለፍ ይቻላልና።

አማርኛ እዚህ ላይ ምሕረት የለውም። «መጣ» ወይም «መጣች» ማለት ግድ ነው። «ዓይንህ» ወይም «ዓይንሽ» ከማለት ማምለጫ የለም። አንዱን ግጥም ለራሴ ወደ አማርኛ ልመልስ ሞክሬ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። ሰሙን ሳልቀድ ወርቁን የማወጣበት መንገድ አጣሁ። «እሳቸው» ጾታ አይለይም፤ ግን አንሶላ ለተጋፈፉት ሰው «እሳቸው» አይሆንም። ገጣሚው ያን ያህል ተጠንቅቆ የሸሸገውን እኔ በአንዲት «ች» እንዳጋልጠው ተሰማኝ። ወረቀቱ እስካሁን እንዳለ አለ።

ከዚሁ ጋር የሥዕል መጽሐፍ ለሚወድ አንድ ነገር ልጠቁም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒ በ1966 ለአሥራ አራት የካቫፊ ግጥሞች የሕትመት ሥዕሎች ሠራ። ለዚህ ብሎ ቤይሩት ድረስ ሄዷል። መስመሮቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ሁለት ወጣቶች አልጋ ላይ፣ ከዚያ ባዶ ወረቀት። መጽሐፉ የወጣው በ1967 ነው። በዚያው ዓመት እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ 21 ዓመት የሞላቸው ወንዶች በግል የሚያደርጉት ግንኙነት ወንጀል መሆኑ ቀረ።

«መጨረሻቸው ሁሌም ሐዘን ነው»

ድሮ በአብዛኛው ነበር። ምክንያቱ ግን የደራሲዎቹ ምርጫ ብቻ አይደለም። በ1952 አሜሪካ ውስጥ ማሪጄን ሚከር በብዕር ስም «ስፕሪንግ ፋየር»ን ስታሳትም፣ አርታኢዋ ሁለቱ ሴቶች በደስታ መኖር እንደማይችሉ ነገራት። የፖስታ ቤት ተቆጣጣሪዎች መጽሐፉን እንዳያግዱት ፈርቶ ነው። በዚያው ዓመት ግን ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ፣ እሷም በብዕር ስም፣ ሁለት ሴቶችን ለተስፋ የሚያበቃ ልብ ወለድ አወጣች። ፎርስተርም «ሞሪስ» ደስ ብሎ እንዲያልቅ የግድ ብሏል።

«የነጮች ነገር ነው»

አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኦድሪ ሎርድ ከካሪቢያን የመጡ ስደተኞች ልጅ ናት። ኒው ዮርክ ውስጥ ለዓመታት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። ጥቁር፣ ሴት፣ እናት፣ ሴት ወዳድ መሆኗን ከግጥሟ ነጣጥላ አታውቅም።

ወደ አህጉራችን ስንመጣ ከደቡብ አፍሪካ የሆኑትን የዛኔሌ ሙሆሊን ፎቶዎች ማየት ይበቃል። ሙሆሊ ራሳቸውን ወንድም ሴትም አይሉም፤ «እሳቸው» እዚህ ላይ ደረሰልኝ። «ፌስስ ኤንድ ፌዝስ» የተባለውን ሥራ የጀመሩት በ2006 ነው። በዚያው ዓመት ደቡብ አፍሪካ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በሕግ ፈቀደች። ሕጉ ወረቀት ላይ ቢኖርም ጥቁር ሌዝቢያኖች በየሰፈሩ ይደፈሩና ይገደሉ ነበር። ሙሆሊ እያንዳንዷን ሰው በጥቁርና ነጭ፣ ቀጥ ብላ ሌንሱን እያየች አነሱ። ዓመታት ቆይተው ተመልሰው ያንኑ ሰው ደግመው ያነሳሉ። ፎቶዎቹ ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ መሃል መሃሉ ላይ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ለሞቱትና ለሌሉት። በ2012 ሌቦች ቤታቸው ገብተው የዓመታት ሥራ የተቀመጠባቸውን ሃርድ ዲስኮች ወሰዱ። ሙሆሊ ግን ማንሳቱን ቀጠሉ።

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ይቀጣል። ስለዚህ በአማርኛ፣ በስሙ ወጥቶ የሚጽፍ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ይህንን «እኛ ጋ የለም» ለሚለው ማስረጃ አድርገው ሲያቀርቡት ያመኛል። የፎርስተር መሳቢያም 57 ዓመት ተዘግቶ ነበር።

«ኩዊር ከሆነ ማድነቅ አለብን»

ይህኛው የሚመጣው ከወዳጆች ነው። እኔ አልስማማም። በቅርብ ዓመታት ከሚወጡት የወጣቶች የፍቅር ኮሚክሶች ብዙዎቹ አይዘልቁኝም። ሁሉም ጥሩ ሰው ነው፤ ማንም ክፉ ቃል አይናገርም፤ ጠብ ቢነሳ በሁለት ገጽ ይታረቃል። ያጽናናል፣ ግን አያስታውሱትም። የ«ጌይ ኮሚክስ» አርታኢ የነበረውን የሃዋርድ ክሩዝን ኮሚክስ፣ «ስታክ ራበር ቤቢ»ን፣ ከዚህ ጋር ሳነጻጽረው ልዩነቱ ይታየኛል። በ1995 የወጣ ነው። በዘር መድልዎ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ የሚኖር ነጭ ወጣት ራሱን ሲዋሽ ያሳያል። የሚወደውን ሰው ይጎዳል፤ ፈሪም ነው። ክሩዝ ገጹን ሁሉ በብዕር ጭረት አጥቁሮ ሞልቶታል፤ ለዓይን ያደክማል። ቢሆንም ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ለጓደኛዬ ግን ከእሱ አልጀምርላትም። የታጋሜን «የወንድሜ ባል» የመጀመሪያ ቅጽ አውጥቼ አስቀምጫለሁ። ቅዳሜ ትመጣለች።