የደም ዓይነትና የአባትነት ክርክር በጎንደር

የደም ዓይነት ምርመራ አንድን ሰው ከአባትነት ሊያስወጣው ይችላል። አባት መሆኑን ግን አያረጋግጥም። ብዙ ክርክር የሚነሳው ይህችን ልዩነት ካለማወቅ ነው።

በቀድሞው ዘመን አባትነት ሲያከራክር ነገሩ በመሐላና በሽማግሌ ያልቅ ነበር።

ኤ፣ ቢ እና ኦ የተባሉትን የደም ዓይነቶች እ.ኤ.አ. በ1901 ለዓለም ያሳወቀው ኦስትሪያዊው ሐኪም ካርል ላንድስታይነር ነው። በዘር እንደሚወረሱ በ1910 ተረጋገጠ። የጀርመን ፍርድ ቤቶችም በ1920ዎቹ ለአባትነት ክርክር ይጠቀሙበት ጀመር።

በጎንደር በኩል የሕክምና ወሬ ሁሉ ከአንጋፋው ኮሌጅ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1953 ወባ ደምቢያን ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ጎንደር ላይ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አግዘውታል። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች) ከዚያ ወጥተው በየአውራጃው ተሰማሩ። ለገጠሩ ሕዝብ የደረሰ ትምህርት ቤት ቢባል አያንሰውም። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው የዚያው ልጅ ነው።

የደም ዓይነት ምርመራው ቀላል ነው። ጣት ይወጋል፤ ሁለት ጠብታ ደም መስታወት ላይ ይደረጋል። በአንዱ ላይ ፀረ ኤ የተባለው ሰማያዊ ፈሳሽ፣ በሌላው ላይ ፀረ ቢ የተባለው ቢጫ ፈሳሽ ይጨመራል። መስታወቱ ወዲያና ወዲህ ዘንበል ሲል ደሙ እንደ ተበጠሰ ወተት ከተቋጠረ ዓይነቱ ታወቀ ማለት ነው። በሁለቱም ከተቋጠረ ኤቢ፣ በሁለቱም ካልተቋጠረ ኦ ነው።

እናት ኦ፣ ልጅ ኤ ቢሆኑ፣ ኤ የመጣው ከአባት ነው። ስለዚህ ኦ ወይም ቢ የሆነ ተከሳሽ ነፃ ይወጣል። ኤቢ የሆነ ሰውም፣ እጅግ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልገጠሙ፣ ኦ ልጅ አይወልድም። ልጁም ተከሳሹም ኦ ከሆኑ ግን ምን ይባላል? ቅዳሜ ገበያ ከሚውለው ሰው ስንቱ ኦ ነው! «ደማችን አንድ ነውና ልጄ ነው» የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ይሸወዳሉ።

በሕጉ በኩል፣ በጋብቻ ውስጥ የተጸነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ተብሎ ይገመታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አባት ነህ ተብሎ የተከሰሰ ሰው አለመሆኑን በደም ምርመራ ወይም በሌላ አስተማማኝ የሕክምና ዘዴ እንዲያስረዳ ይፈቅዳል። አማራ ክልል ግን የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው፣ ጎንደር ላይ ክስ ያለበት ሰው መጀመሪያ ያንን ቢያይ ይሻለዋል።

ዛሬ ቁርጡን የሚናገረው ዲኤንኤ ነው። ዋጋው ግን ለብዙ ቤተሰብ አይቀመስም። የደም ዓይነት ግን በደቂቃዎች ይታወቃል፤ ካልገጠመም ዲኤንኤው ድረስ ሳይሄዱ ሰውየውን ከጥርጣሬ ሊያወጣው ይችላል።