ባሌ ሩስ፦ የፓሪስን ቁምሣጥን የቀየረ የዳንስ ቡድን

ባሌ ሩስ ከ1909 እስከ 1929 የቆየ የዳንስ ቡድን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቡድኑን ያቋቋመው ሩሲያዊው ሰርጌ ዲያጊሌቭ ነው። ዲያጊሌቭ ዳንሰኛም ሠዓሊም አልነበረም። ተሰጥኦው ሰው መምረጥ ላይ ነበር፤ ከሀብታሞች ገንዘብ ማውጣትም ያውቅበታል። የሚገርመው፣ የሩሲያ ስም የያዘው ይህ ቡድን ሩሲያ ውስጥ አንድም ጊዜ ትርዒት አላሳየም። ሥራ የጀመረው በሜይ 1909 ፓሪስ፣ ሻትሌ ቴአትር ነው። ስለ ቡድኑ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ ሙዚቃውና ዝላዩ ይነሣል። እኔን የሚስበኝ ግን ልብሱ ነው። በዚያ ዘመን የፓሪስ ሴቶች ምን እንደሚለብሱ ለማወቅ አንዳንዴ ፋሽን ቤት ከመሄድ ይልቅ ቴአትር ቤት መግባት ይሻል ነበር።

ከዚያ በፊት የባሌት ልብስ ነገር ብዙም ለውጥ አያውቅም። ባለሪናዋ የግብፅ ልዕልት ሆነች የስፔን ኮረዳ፣ የምትለብሰው ያው ቱቱ፣ ማለትም ዙሪያውን የተነፋው የባሌት ቀሚስ ነው። ግብፃዊት መሆኗን የሚናገረው ቀሚሷ ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ትንሽ ጌጥ ብቻ ነበር። ወገቧ በኮርሴት፣ ማለትም ወገብ አጥብቆ በሚይዝ የውስጥ ልብስ ይታሰራል፤ እግሯ ከሮዝ ታይት አይወጣም። በ1904 መጨረሻ ግን አሜሪካዊቷ ኢሳዶራ ደንከን ሴንት ፒተርስበርግ መጥታ በባዶ እግሯ፣ ያለ ኮርሴት፣ በስስ የግሪክ ቀሚስ ደነሰች። በኋላ የቡድኑ ኮሪዮግራፈር (የዳንስ ቀማሪ) የሚሆነው ሚሼል ፎኪን ልቡ ተነካ። በ1907 ጥንታዊ ሮምን የሚያሳይ ሥራ ሲያዘጋጅ ዳንሰኞቹ ባዶ እግራቸውን እንዲሆኑ ፈለገ። የንጉሠ ነገሥቱ ቴአትር ይህን አይፈቅድም። መላ አላጣም፤ ታይቱ ላይ የእግር ጣቶች አስሣለበት!

በዚህ ጉዳይ ላይ የደንቡ ሰዎች ቀልድ አያውቁም ነበር። በ1911 መጀመሪያ ላይ የቡድኑ ኮከብ ቫስላቭ ኒጂንስኪ በንጉሠ ነገሥቱ ማሪንስኪ ቴአትር ሲደንስ፣ በሠዓሊው አሌክሳንደር ቤኑዋ የተነደፈ አጭር ሸሚዝ መሳይ ልብስ ለበሰ። ወንዶች ታይታቸው ላይ ይደርቡት የነበረውን ሱሪ ግን ተወው። ነውር ነው ተባለ። ወዲያው ከሥራ ተባረረ። ለዲያጊሌቭ ግን ሲሳይ ሆነለት፤ የዘመኑ ታላቅ ዳንሰኛ ሙሉ በሙሉ እጁ ገባ።

የቡድኑን መልክ የፈጠረው ሌዮን ባክስት ነው። ባክስት ግሮድኖ ከተማ፣ በዛሬዋ ቤላሩስ፣ የተወለደ አይሁዳዊ ሠዓሊ ነው። በጁን 1910 በፓሪስ ኦፔራ የቀረበው ‹ሼህራዛድ› ስሙን በአንድ ሌሊት ጣሪያ አደረሰው። ታሪኩ ከሺህ አንድ ሌሊት የተወሰደ ነው። ንጉሡ አደን የሄደ ያስመስላል፤ ሚስቶቹ ከባሪያዎቹ ጋር ይማግጣሉ፤ ንጉሡ ድንገት ይመለስና ሁሉንም ያስፈጃል። እውነቱን ለመናገር ታሪኩ ያን ያህል አይደለም፤ ስለ ምሥራቁ ዓለም የአውሮፓ ምኞት የፈጠረው ነው። ቀለሙ ግን ሌላ ነገር ነበር። ፓሪስ የለመደችው ፈዘዝ ያለ ሮዝና ግራጫ ነው። ባክስት አረንጓዴን ከሰማያዊ አጋጠመ፤ ብርቱካናማ ጨመረበት። ሴቶቹ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚሰበሰብ ሰፊ ሱሪ፣ ሆድ የሚያሳይ ደረት ልብስ፣ ጥምጥምና ሉል ለበሱ። ኮርሴት የለም። ንድፎቹን ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ባክስት የሚሥለው የቆመ ሰው አይደለም፤ የሚሽከረከር ሰው ነው። ጨርቁ ምን ያህል እንደሚበር፣ መቀነቱ ወዴት እንደሚወረወር አስቀድሞ ታስቧል።

ብዙም ሳይቆይ ጥምጥሙም ሱሪውም ከመድረክ ወርደው የሀብታም ቤት ግብዣ ውስጥ ታዩ። እዚህ ላይ የፋሽን ዲዛይነሩ ፖል ፑዋሬ ይመጣል። ፑዋሬ በ1911 ለሴቶች ሱሪ መሳይ ቀሚስ አቀረበ፤ ከተማው ተንጫጫ። በጁን 24 ቀን 1911 ደግሞ ‹የሺህ ሁለተኛው ሌሊት› ብሎ የሰየመውን ድግስ ደገሰ። ወደ 300 የሚሆኑ እንግዶች ተጠሩ። የምሥራቅ ልብስ ሳይለብስ የመጣ ሁለት ምርጫ ነበረው፦ ፑዋሬ ያዘጋጀውን መልበስ ወይ ወደ ቤቱ መመለስ። ሚስቱ ዴኒዝ እንደ ወፍ ወርቃማ ፍርግርግ ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር። ከሰፊ ሱሪዋ በላይ የለበሰችው ዙሪያው በሽቦ የተወጠረ አጭር ቀሚስ ሲሆን፣ የመብራት ቆብ ይመስላል። በኋላ ይኸው ቅርጽ ገበያ ላይ ዋለ።

ታዲያ ፑዋሬ ከባክስት ኮረጀ? እሱ በፍጹም ይላል፤ ባክስት ሳይታወቅ እኔ ስም ነበረኝ ብሎ ተከራክሯል። ግማሽ እውነት አለው። ኮርሴቱን የጣለው ባሌ ሩስ ፓሪስ ሳይደርስ ነው። ነገር ግን ያ ድግስ ‹ሼህራዛድ› ከታየ በዓመቱ የመጣው እንዲያው በአጋጣሚ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። ባክስት ራሱም ቢሆን ወደ ፋሽኑ ገብቷል። ከታዋቂዋ ዲዛይነር ዣን ፓካን ጋር የመንገድ ልብስ ነድፏል። የፓካን ቤት በበኩሉ በ1913 ለቀረበውና ቴኒስ ሲጫወቱ ለነበሩ ወጣቶች ታሪክ ለተሠራው ‹ዤ› የሴቶቹን ልብስ ሰፍቷል። መንገዱ ወዲያም ወዲህም ክፍት ነበር ማለት ነው።

ልብሱን ከሩቅ ማየት ጥሩ ነው፤ መልበሱ ግን ሌላ ጣጣ። ብዙው ጌጥ በጥልፍ የተሠራ ይመስላል እንጂ ቀለም የተቀባ ወይም ተቆርጦ የተለጠፈ ነው። ከመድረክ ርቆ ለተቀመጠ ተመልካች ልዩነቱ አይታይም። በ1911 ሞንቴ ካርሎ ላይ በቀረበው ‹የጽጌረዳዋ መንፈስ› ኒጂንስኪ ገላው ላይ ጥብቅ ባለ ልብስ ላይ ከሐር የተቆረጡ የጽጌረዳ ቅጠሎች ተሰፍተውለት ደነሰ። የሚረግፉትን ቅጠሎች አልባሽ አገልጋዩ እየለቀመ ለአድናቂ ሴቶች ይሸጥ ነበር ይባላል። በ1913 የታየው ‹የጸደይ ሥርዓት› ደግሞ በሙዚቃው ረብሻ አስነሥቶ ስሙ ገነነ፤ ዳንሰኞቹ ግን ያን ሁሉ ዝላይ የዘለሉት ሠዓሊው ኒኮላስ ሮሪክ በነደፈው ወፍራም የሱፍ ልብስ ውስጥ ሆነው ነው። ላቡን መገመት ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ዲያጊሌቭ ፊቱን ወደ ዘመኑ ሠዓሊዎች አዞረ። በ1917 ፒካሶ ለ‹ፓራድ› በካርቶን ቁመታቸው ሦስት ሜትር ገደማ የሆኑ ልብሶች ሠራ። ልብስ ከምንላቸው የሚራመዱ ሐውልቶች ብንላቸው ይቀላል። በዚያው ዓመት ‹ክሊዮፓትራ› የተባለው ትርዒት ዕቃ በደቡብ አሜሪካ ጉዞ ላይ ተቃጠለ፤ በ1918 አዲሱን የንግሥቲቱን ልብስ ሠዓሊዋ ሶንያ ደሎኔ በደማቅ ክብ ቅርጾች ነደፈችው። እሷም በዚህ አላቆመችም፤ የራሷን የልብስ ሱቅ ከፈተች።

የድሮው ድምቀት አንዴ ብቻ ተመልሶ መጣ። በ1921 ዲያጊሌቭ ‹የተኛችው ልዕልት›ን ለንደን፣ አልሃምብራ ቴአትር አወጣ። ባክስት ከፋዩን፣ ዘቦውን፣ ሐሩን አላስተረፈም። የተመልካቹ ቁጥር ወጪውን አልሸፈነም። በወራት ውስጥ ትርዒቱ ተዘጋ፤ ልብሶቹም በዕዳ ተያዙ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1924 ለ‹ሰማያዊው ባቡር› ልብሱን እንድታዘጋጅ የተጠራችው የፋሽን ዲዛይነሯ ኮኮ ሻኔል ነበረች። ሻኔል ከዲያጊሌቭ ጋር የቆየ ወዳጅነት አላት፤ በ1920 ‹የጸደይ ሥርዓት› ዳግም ሲቀርብ ገንዘብ የሰጠችው እሷ ናት። ርዕሱ ሀብታሞችን ወደ ሪቪዬራ (የደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ) ያደርስ የነበረውን የቅንጦት ባቡር ይጠራል፤ ባቡሩ ግን ትርዒቱ ላይ የለም። ያለው ባሕር ዳርቻ ነው፤ የሚዋኙ፣ ቴኒስና ጎልፍ የሚጫወቱ ወጣቶች። ሻኔል የመድረክ ልብስ አልነደፈችም። ሱቋ ውስጥ የሚሸጠው ዓይነት ከጀርሲ (ሹራብ መሳይ ጨርቅ) የተሠራ የዋና ልብስና የስፖርት ልብስ አለበሰቻቸው። ለዳንሰኞቹ ብዙም አልተመቸም። በእኔ ግምት ግን ከ‹ሼህራዛድ› ያላነሰ ደፋር ነው። በ1910 ሴቶች መድረኩ ላይ ያዩትን ለመምሰል ተሯሯጡ፤ አሁን መድረኩ ራሱ እነሱን መሰለ። ፑዋሬ በዚህ ዘመን ጊዜው አልፎበት ነበር፤ ፋሽን ቤቱ በ1929 ተዘጋ። ዲያጊሌቭም በዚያው ዓመት በኦገስት ቬኒስ ላይ አረፈ፤ ቡድኑም ተበተነ።

ልብሶቹ ለዓመታት ፓሪስ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ተከምረው ቆዩ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጨረታ ድርጅቱ ሶዝቢስ ለንደን ላይ በጨረታ ሸጣቸው። ዛሬ ትልልቆቹ ስብስቦች በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እና በካንቤራ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ጋለሪ ይገኛሉ። በ1976 የፋሽን ዲዛይነሩ ኢቭ ሳን ሎራን በባሌ ሩስ ስም የሰየመውን ስብስብ ለገበያ ሲያቀርብ ጥምጥሙ፣ ዘቦውና ሰፊው ቀሚስ እንደገና ፋሽን ሆኑ። ሙዚየም ያሉት ልብሶች ላይ የላብ ምልክትና የተጣፈ ቦታ ይታያል። የብዙዎቹ ገበር ላይ ስም ተጽፏል፤ አንድ ልብስ ከዳንሰኛ ወደ ዳንሰኛ ስለሚተላለፍ፣ አንዳንዱ ላይ ሁለት ሦስት ስም አለ።