ሄንሪ ፔትሮስኪ፦ የፈረሰውን የሚመረምር መሐንዲስ

ሄንሪ ፔትሮስኪ (1942–2023 እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ተወልዶ ከ1980 ጀምሮ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምህንድስና ያስተማረ አሜሪካዊ ነው። ሙያው ዕቃ እንዴት ተሰንጥቆ እንደሚሰበር ማጥናት ነበር። ስሙን ያስጠራው ግን ለተራ አንባቢ የጻፈው ነው፤ ስለ ድልድይ፣ ስለ ሹካ፣ ስለ አግራፍ ጽፏል። ስቴኪኒ እንኳ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አግኝቷል፣ ቀልዴን አይደለም።

የሁሉም ማጠንጠኛ አንድ ነው፦ መሐንዲስ ከቆመው ይልቅ ከወደቀው ይማራል። የቆመ ድልድይ ለመውደቅ ምን ያህል እንደቀረው አይነግርህም። የወደቀው ግን የቱ ጋ እንደከዳው ያሳይሃል።

በ1985 ያወጣው መጽሐፍ የካንሳስ ሲቲውን የሃያት ሪጀንሲ ሆቴል አደጋ ያነሳል። ሐምሌ 1981 ላይ ሁለት የእግረኛ መሸጋገሪያዎች ሎቢው ላይ ተደርምሰው 114 ሰው ሞተ። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱም መሸጋገሪያዎች ከጣሪያው በወረዱ ረጃጅም የብረት ዘንጎች ላይ ነበር የሚንጠለጠሉት። ይሄ ለሥራ አስቸጋሪ ስለነበር ረጅሙ ዘንግ በሁለት አጫጭር ተተካ፤ የታችኛው መሸጋገሪያ ከጣሪያው መንጠልጠሉ ቀርቶ ከላይኛው ላይ ተንጠለጠለ። አንድ ገመድ ላይ ከተንጠለጠሉ ሁለት ሰዎች የታችኛው ገመዱን ለቆ የላይኛውን እግር ቢይዝስ? ገመዱ የሚሸከመው ያው ነው፣ የላይኛው ሰውዬ እጅ ግን የሁለት ሰው ክብደት ይወድቅበታል። እዚያም የላይኛው መሸጋገሪያ ዳዶዎች ላይ ያረፈው ጭነት እጥፍ ሆነ። ወረቀት ላይ ትንሽ ማስተካከያ ነበር የምትመስለው። የመጀመሪያው ንድፍም ቢሆን የከተማውን የግንባታ ሕግ አያሟላም ነበር።

ሌሎች ተመራማሪዎች ቀድመው ያስተዋሉትን አንድ ነገርም ደጋግሞ ጽፎበታል። የወደቁትን ድልድዮች ተመልከት፦ ዲ በ1847፣ ቴይ በ1879፣ ኩቤክ በ1907፣ ታኮማ ናሮውስ በ1940፣ ሚልፎርድ ሄቨን በ1970። በየ30 ዓመቱ ገደማ አንድ ትልቅ ድልድይ ይወድቃል! ጉዳዩ ከብረቱ ይልቅ የሰው ነው ባይ ነው፦ አዲስ ዓይነት ድልድይ የሚጀምሩት እየፈሩ ይሠራሉ፣ ተከታዮቹ የቀድሞው ድልድይ ምንም እንዳልሆነ እያዩ ያረዝሙታል፣ ያቀጥኑታል፣ ያኔ የፈሩት ሰዎች ደግሞ ጡረታ ወጥተዋል። ታኮማም ቀጭን ከመሆኑ የተነሳ በተከፈተ በአራት ወሩ ነፋስ እያወዛወዘ ጣለው። አምስት ድልድይ ይዞ ሕግ ማውጣት ለእኔ ትንሽ ድፍረት ነው። ስለ መርሳት ያለው ግን አሳምኖኛል።

የ1990ው መጽሐፉ ስለ እርሳስ ብቻ ነው፣ ያውም ከ400 ገጽ በላይ። ሲጀምር አሜሪካዊውን ደራሲ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮን ያነሳል። ሰውየው የእርሳስ ሠሪ ልጅ ነው፣ ራሱም የቤተሰቡን እርሳስ ያሻሻለ፤ ለጫካ ጉዞ የሚያስፈልገውን ከድንኳን እስከ ክብሪት ሲዘረዝር ግን እርሳስን ዘሏታል። ከዚያ በኋላ መሃል ላይ መጽሐፉ ይንዛዛል፣ እውነቱን ለመናገር። ፔትሮስኪን ለመጀመር የ1985ቱ ይሻላል።